አንድ ጋን ጠላ ለጥሩነህ

ሰኞ፣ ጥር 13። ደብረ ማርቆስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም። መንገደኛው ከአጥሩ ውጭ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል። የሁሉም አፍ ይጤሳል። እኔ በጥቁር ቀሚሴ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርቤ፣ ዘንቢሌን በሁለት እግሮቼ መካከል አድርጌ እጠብቃለሁ። በዘንቢሉ ውስጥ ቅያሪ ልብስ፣ ለባላገር ቤት የሚሆን ስኳርና አራት የልብስ ሳሙና፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ይህ ደብተር አለ።

ባለቤቴ ጥሩነህ ጋዜጣ ሲገዛ ሰው የሄደበትን መንገድ የጻፈበት ዓምድ እንዳለ ቀድሞ ያይ ነበር። ካለ እሱን አንብቦ፣ «እኔ ብጽፈው ከዚህ ይሻላል» ብሎ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተማረ፤ አንድም መንገድ ሳይጽፍ ሞተ። የፊታችን ጥር 27 ዓመቱ ነው።

ሊሞት ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ፣ «የሙት ዓመቴን አገሬ አውጥታችሁ በእናቴ ጋን ጠላ ጥመቁልኝ። እትዬ ታውቅበታለች» አለኝ። እትዬ የሚላት ታላቅ እህቱን ይታይሽን ነው። እናታቸው ከመሞቷ በፊትም ቢሆን ያሳደገችው እሷ ናት። ያን ጊዜ እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

የሞተ ዕለት ግን አልጠበቅናትም። የትምህርት ቤቱ ሰዎች፣ ዕድርተኛው፣ የንስሐ አባቱ፣ ሁሉም ዛሬውኑ ይቀበር አሉ፤ እኔም ማሰብ ስላልቻልኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ይታይሽ በማግስቱ ደረሰች። ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጥታ ነው። ወንድሟን ልትገንዝበት በእጇ የፈተለችውን ጋቢ በብብቷ ይዛ ነበር። እንደተቀበረ ከበሩ ላይ ነገሯት። ወደ ቤት አልገባችም፤ ወደ መቃብሩም አልሄደችም። ጋቢዋን እንደያዘች ዞራ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

እንግዲህ ዛሬ ልለምናት መሄዴ ነው። እምቢ ካለችኝ ጥሩነህ በአገሩ የሚጠጣለት የለም።

በሩ ተከፈተ። ሰው ተጋፋ። ረዳቱ ጥቁር ልብሴን አይቶ እጄን ያዘና ሹፌሩ ኋላ አስቀመጠኝ።

«እናቴ እዚህ ይሁኑ። ኋላ ሠርገኛ ጭኛለሁ፤ ሲጨፍሩ ይረግጡዎታል።»

ፍኖተ ሰላም፣ ሦስት ሰዓት

ሠርገኞቹ እስከ ደንበጫ ዘፈኑ። ደንበጫ ላይ አንዲት ሴት እኔን አየችና ለጎረቤቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከዘፈናቸው የባሰ ከበደኝ። ቢዘፍኑ ይሻል ነበር። ጂጋን ስናልፍ ሹፌሩ ራሱ ሬዲዮ ከፈተ።

ፍኖተ ሰላም ወርጄ ጌሾ ፍለጋ ወደ ገበያው ሄድኩ። መንገዱ ዳር ባጃጆች ተሰልፈዋል፤ ባለፈው ከጥሩነህ ጋር ስንመጣ እንዲህ አልበዙም ነበር። ጌሾ የምትሸጠው ሴት ቅጠሉን በአንድ ጆንያ፣ እንጨቱን በሌላ ጆንያ ዘርግታለች። ላይ ታች አየችኝ።

«ለሐዘን ነው?»

«በምን አወቁ?»

«ኧረ በልብስሽ ነዋ። እንጨቱን ቀላቅይበት። ለሠርግ ሲሆን ቅጠል ብቻ ነው የሚወስዱ፣ ቶሎ እንዲደርስ። የሐዘን ጠላ ምን ያጣድፈዋል?»

የሐዘን ጠላዬ አሥራ አራት ቀን ብቻ እንዳለው አልነገርኳትም። ከሁለቱም ገዛሁ። ጌሾውን በፌስታል ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ «እግዜር ያጥናሽ እቴ» ብላ ሌላ እፍኝ ጨመረችልኝ።

ቡሬ፣ ስምንት ሰዓት

ቡሬ የገባሁት በሚኒባስ ነው። አየሩ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ መንኩሳን ካለፍን ጀምሮ በየግቢው ቀይ ሆኖ ተሰጥቷል። የሽንዲ መኪና ነገ ጠዋት እንጂ ዛሬ የለም አሉኝ።

ጥሩነህ ቡሬን ሳይቆም አልፏት አያውቅም። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ረዥም እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት አንድ ጠላ ቤት አለ። ባለቤቷ የሺ ትባላለች፤ የእነ ጥሩነህ ጎረቤት ልጅ ናት። ጠላ መጥመቅ የተማረችው ከጥሩነህ እናት ነው። እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ።

ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ግድግዳው ላይ የሁለት ሺህ ዓመት እንኳን አደረሳችሁ የሚል፣ ጭስ ያጠቆረው ፖስተር ተለጥፏል። ሁለት ጋሪ ነጂዎችና አንድ የጡረተኛ ፖሊስ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሺ ጣሳ አጥባ መጣች። ቀድታ፣ ጥቂት በመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ሰጠችኝ። ለሰው ከመስጠት በፊት የቀዳ ሰው በመዳፉ ይቀምሳል፤ ይህን ልማድ ከከተማ ቤት እየጠፋ ሲያየው ጥሩነህ ይናደድ ነበር።

ፊቴን ያኔ አየችው።

«ውይ! የጥሩነህ ሚስት አይደለሽም? ጥቁሩ የማን ነው?»

«የዘመድ» አልኩ።

«ነፍስ ይማር። ጥሩነህስ? ምነው ጠፋ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሰው በሥራ መካከል ጣሳ ይዞ ሳለ አይነገርም። ወይም ለራሴ ምክንያት ፈለግሁ። «ደህና ነው» አልኳት።

«በይ ንገሪልኝ፤ የየሺ ጠላ እንደ እናቱ ነው በዪው። እሱ ብቻ ነው ሳይቀምስ አሽትቶ የሚያውቅ።»

ጠላው የዳጉሳ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ምላስ ላይ ጎምዘዝ ብሎ ጉሮሮ ላይ የሚለሰልስ። ግማሹን መጠጣት አልቻልኩም። ሽማግሌው ከማዶ፣ «የአስተማሪው ሚስት፣ ጠላ ጣሳ ውስጥ አያድርም፤ ጨርሽው» አሉና ጋሪ ነጂዎቹን አሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ሌሊቱን ከመናኸሪያው ፊት ባለ አልቤርጎ አደርኩ፤ «ደህና ነው» ያልኩት ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14። የሽንዲ መንገድ

አይሱዙ መኪና ላይ ነን፤ እኔ ጋቢና፣ ከኋላ የማዳበሪያ ጆንያና ሰው። አቧራው ዛፉን ሁሉ ነጭ አድርጎታል። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ሞባይሉን ፊት ለፊቱ ሰቅሎ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ በደረሰ ቁጥር ያቆማል።

«ማዘር፣ የሚደውሉት ካለ አሁን ነው። ከዚህ ወዲያ እስከ ሽንዲ እግዜር ብቻ ነው የሚሰማዎት።»

የምደውልለት ሰው አልነበረም።

አንድ ሰዓት ተኩል እንደሄድን ከመንገዱ በስተግራ አወረደኝ። ከዚያ በኋላ የአርባ ደቂቃ እግር መንገድ ነው፦ አንድ ትንሽ ወንዝ፣ የታጨደ የዳጉሳ ማሳ፣ ከባሕር ዛፍ መካከል የሚካኤል ጉልላት። ትላንት ወዲያ ታቦቱ ገብቷል፤ ሜዳው ገና የተረገጠ ነው።

ይታይሽ ግቢ ውስጥ በርበሬ ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተመልሳ ለቀማዋን ቀጠለች። እኔ ከአጥሩ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

«እትዬ ይታይሽ፣ እንደምን ከረሙ?»

አልመለሰችም። ምራቷ ከቤት ብቅ አለች። ይታይሽ ለእሷ ነገረቻት፤

«ለእንግዳይቱ በርጩማ አውጭላት።»

እንግዳይቱ እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሴት።

ተቀምጬ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ጥሩነህ ሆስፒታል ያለውን ቃል በቃል ነገርኳት። ስለ ቀብሩም ላስረዳ ጀምሬ አቃተኝና አቆምኩ። እሷ እስከ መጨረሻው ድረስ በርበሬውን አንድ በአንድ ቅንጥቡን እየቀነጠበች ሰማች። በመጨረሻ፣ አሁንም ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ምራቷ ዞራ፤

«ለወንድሜ ነው። ለማንም ብዬ አይደለም» አለች። «ነገ የእነ አያሌው ሠርግ ቤት ለእንኩሮ ተጠርቻለሁ። ከዚያ ስመለስ የእማዬን ጋን አዘጋጀዋለሁ።»

እሺ ማለቷ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ይታይሽ በማለዳ ወጣች። ጋኑን ከጓዳ አውጥታ ጥላ ውስጥ አቁማዋለች። ትልቅ ነው፤ አንድ ሰው እቅፉ አይሞላውም። ከንፈሩ ላይ የተሸራረፈ ቦታ አለ። ጥሩነህ በልጅነቱ ድንጋይ ወርውሮ የመታው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ነግሮኛል።

እጄን ከትቼ ዳሰስኩት። ውስጡ ሻካራና ጥቁር ነው፤ ታቹ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ የተጋገረ ነገር አለ።

ምን እንዳሰብኩ በደንብ አስታውሳለሁ። ስትመለስ አልቆ ታየው አልኩ። እንግዳ የሚሠራው ሥራ የለምና እንግዳ እንዳልሆን አልኩ። ውሃ ቀዳሁ። ከዘንቢሌ ሳሙና አወጣሁ። ግማሽ ገላዬን ጋን ውስጥ ከትቼ፣ ያን የተጋገረ ጥቁር በማንኪያ ፋቅሁት፤ አረፋው ነጭ እስኪሆን አጠብኩ። የፋቅሁትን ከአመዱ ክምር ላይ ደፋሁት። በመጨረሻ ምራቷ የወይራ እንጨት ሰጠችኝና ጋኑን በፍሙ ላይ ደፍቼ ጭሱ ከግድግዳው እስኪዋሐድ አጠንኩት። ክንዴ ዛለ። ከዓመት ወዲህ እንደዚያ ዕለት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይታይሽ ሲመሽ መጣች። ጋኑ ዘንድ ሄዳ ጭሱን አሸተተች።

«አጠንሽው እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞራ ነው ያለችው። አንገቴን ደፍቼ አዎ አልኩ። «ደግ» አለች።

እዚያው ውሃውን፣ የተወቀጠውን ጌሾና ብቅሉን ጨምረን ጠነሰስን። አፉን በጨርቅ አሰረችና በእጇ አማተበችበት።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ጥንስስ እርሾ አይገባበትም። ጋኑ ውስጥ በራሱ ይነሳል። በሁለተኛው ቀን ጆሮ ሲያስጠጉበት እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል፤ በሦስተኛው አረፋ ይዞ ይወጣል። ይህን የነገረችኝ ይታይሽ ናት፤ አሁን ታነጋግረኛለች፤ ብዙ ባይሆንም።

ትላንት ጆሮዋን ጋኑ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ፈታችው። ውሃው እንዳስገባነው ነው። ጌሾው ተንሳፍፏል። አንድም አረፋ የለም።

ጋኑን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እምቢ አለ» አለች። «ወንድሜ ነው እምቢ ያለው። እማዬ ስትሞት በሁለተኛው ቀን ነበር የተነሳ። በአባዬም ጊዜ እንዲሁ። ይኸ ጋን ለቤቱ ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። ባዕድ አፈር ውስጥ አስተኝተውት ምን አፍ አለውና ይቀበላል? እኔም ፊቱን ሳላይ... ፊቱን ሳላይ የቀረሁት ሴት ምን ብዬ ነው ጠላ የምጠምቅለት?»

ከዚያ አለቀሰች። ይታይሽ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው። ምራቷ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ድፉት» አለች ይታይሽ። «በሠርግ ቤት የተረፈ ካለ ተለምኖ ለቄሶቹ ይሰጥ። እኔ ጋኑን ዳግመኛ አልነካውም።»

እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ምራቷ ሳጥብ ወንዝ ወርዳ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ጥፋቱ የጥሩነህ ይሆን ነበር፤ እሱ ደግሞ አይናገርም። ሊሞት ሰዓት እጄን የያዘበት ሁኔታ ትዝ አለኝ።

«እትዬ ይታይሽ» አልኩ። «እምቢ ያለው እሱ አይደለም። ሳሙና ነው።»

ቀና አለች።

«ረቡዕ ጋኑን በሳሙና አጠብኩት። ለእርስዎ ባመጣሁት ሳሙና።»

«በሳሙና።»

«አዎ።»

«ታቹ ላይ የነበረው ጥቁርስ?»

«ፋቅሁት።»

«በምን?»

«በማንኪያ።»

«የት ደፋሽው?»

«ከአመዱ ላይ።»

ተነስታ ወጣች። ተከተልኳት። የአመዱ ክምር በሦስት ቀን ውስጥ ተዝቆ፣ ተጭሮ ሜዳ ሆኗል። ዶሮዎቹ አሁንም ላዩ ላይ ነበሩ። ይታይሽ ቁጢጥ ብላ አመዱን በጣቷ ገልጣ ገልጣ አየች። አንዲት ፍርፋሪ አንስታ አሸተተችና ጣለቻት።

«እማዬ ያን ጋን በግራዋ ቅጠል ነበር የምታሸው» አለች፣ ለአመዱ እንደምትነግር። «ታቹን አትነካውም። ጥንስሱ ከዚያ ነው የሚነሳ። እሷም ከእናቷ እንዲያ ነው የተቀበለችው።» ከዚያ ዶሮዎቹን አየቻቸው። «አሁን እነሱ ሆድ ውስጥ ነው።»

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ምሳ ምራቷ አቀረበችልኝ። ዘንቢሌን አዘጋጅቼ ጥግ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ወደ አጥሩ ሲዘልቅ፣ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ዝም ብትይ እኮ አላውቅብሽም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?»

«እሱን በማያውቀው ነገር ሲኮንኑት መስማት አልቻልኩም።»

ዘንቢሌን ወደ ጎን ገፍታ ተቀመጠች።

«የሺን ታውቂያታለሽ፣ ቡሬ ያለችውን? ስትዳር እማዬ ከዚሁ ጋን ታች እፍኝ አተላ በቅል ሰጥታታለች። አደራ ይዛው ከሆነ የኛው ነው። ነገ ከቅዳሴ መልስ ሂጅና አምጭ። እኔ ጋኑን እስክትመለሽ በግራዋ አሸዋለሁ።»

እሁድ፣ ጥር 19። እንደገና ቡሬ

በአንድ በሬ ነጋዴ መኪና ላይ ተጭኜ ደረስኩ። ልብሴ በአቧራ ግራጫ ሆኗል። የሺ ጠላ ቤቷን ዘግታ ጸሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ አተላው ከመናገሬ በፊት ሌላ የምነግራት ነገር ነበረኝ።

«የሺ፣ ያን ዕለት ዋሸሁሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ሳታየኝ። «ሚስት የዘመድ ሐዘን ይዛ ባሏን ትታ ብቻዋን ጠላ ቤት አትገባም። ያን ዕለት ገብቶኛል። እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነበር። መቼ ነው?»

«ዓመቱ ነው። የፊታችን ጥር 27።»

ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ መቀነቷ ላይ አገለደመችና አለቀሰች። ጮክ ብላ፣ እንደ አገሯ፣ ስሙን እየጠራች፦ ከወንዝ ማዶ ሲጣራ የሚሰማውን፣ ደብተሩን በራሱ ላይ ተሸክሞ ወንዝ የሚሻገረውን። ጎረቤቶች መጡ። የማላውቃቸው ሰዎች ከበውኝ አለቀሱ። ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ላይ ዕንባዬ ደርቆ ነበር፤ ቡሬ ላይ፣ በአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ወጣልኝ። ያ ጡረተኛ ሽማግሌም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። «ያን ዕለት ቀለድኩብሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

ይታይሽ ለአተላው እንደላከችኝ ስነግራት የሺ ጋኗን ገለበጠች። ከታቹ ጥቁሩን በእጇ ዝቃ በቅል ሞላችልኝ፤ አፉን በኮባ ቅጠል አሰረችው።

«ለእትዬ ይታይሽ በያት፤ የእናቷን አደራ አንድ ቀን ሳሙና አላስነካሁትም።»

ስለ ሳሙናው ሳልነግራት ነው ያለችው። የከተማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 20 እስከ እሁድ፣ ጥር 26

ቅሉን ሕፃን እንደሚታቀፍ ታቅፌ ተመለስኩ። የአይሱዙው ሹፌር ያው ነበር። «ማዘር ምንድን ነው?» አለኝ። «አማቴ ናት» አልኩት። ሳቀ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ይታይሽ ጋኑን ሦስት ጊዜ በግራዋ አሽታ፣ አጥባ፣ ሁለት ጊዜ አጥና ጠበቀችኝ። እጇ በግራዋው አረንጓዴ ሆኗል። እንደገና ጠነሰስን። ጌሾዬ ስላነሰ የሠርጉ ቤት ሰዎች ቅጠል አዋጡ።

ረቡዕ ጠዋት ጓዳ ጠራችኝ። «ጆሮሽን አምጭ» አለች። አስጠጋሁ። ከሸክላው ውስጥ ቀጭን ነገር ይሰማል፤ ይንሾካሾካል። ሁለታችንም ጋኑን ከዚህና ከዚያ አቅፈን፣ ጆሯችን ተለጥፎ፣ ፊት ለፊት ተያየን። አልሳቅንም። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። የዳጉሳውን ቂጣ ጋግረን ቆራርሰን ጨመርን። እንኩሮውን ቆላን፤ ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለው። ድፍድፉ ላይ ቅዳሜ ውሃ ሞላን። ይታይሽ በየቀኑ እያሸተተች ራሷን ትነቀንቃለች። «ጊዜ አጥቷል» ትላለች። «አንድ ሳምንት ቢያገኝ።» ሳምንት ግን አልነበረንም።

ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ጠየቀችኝ። ምን በልቶ ነበር? ራሱን ያውቅ ነበር ወይ? ስሟን ጠርቶ ነበር ወይ? ጠርቷል አልኳት። እውነት ነው፤ ጠርቷል። እሷም ባሏን ከቀበረች አሥር ዓመት እንደሆናት፣ እስከ ዛሬ እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል ጋደም እንደማትል ነገረችኝ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ፍትሐቱ ሚካኤል ተደርሶ ሰው ወደ ግቢው መጣ። ዳሱ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው። የሺም ከቡሬ መጥታለች። ቄሶቹ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ከጥሩነህ ጋር ከብት የጠበቁ ሰዎች፣ አሁን ፀጉራቸው ነጭ የሆነ፣ ተቀመጡ።

እኔ ከሴቶቹ መካከል አንድ ጥግ ይዤ ነበር። ይታይሽ ጋኑን ከፈተች። መቅጃውን ቅል አነሳች። ከዚያ ዳሱን አሻግራ አየችኝ።

«ምን ተጎልተሽ ታይኛለሽ? ነይ ቅጅ እንጅ።»

የቤቱ ሴት ናት የምትቀዳ። ተነሳሁ። ቀዳሁ፤ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። ሳሙና ፈለግሁበት። አላገኘሁም። ጠላው ግን ደፍረስ ያለና የሚጎመዝዝ ነበር፤ ገና ያልጨረሰ። ለመጀመሪያው ቄስ ሰጠሁ። ጎንጨት አሉና ጣሳውን ብርሃን ላይ ያዙት።

«ይኸ ጠላ ልጅ ነው» አሉ። «ድቁና እንኳ አልተቀበለም።»

ዳሱ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ይታይሽ ከጋኑ ኋላ፣ «አባ፣ ቶሎ የመጣበትን ምክንያት ቢያውቁ ሁለተኛ ጣሳ ይጨምሩ ነበር» አለች። ከዚያ በቀር ስለ ሳሙናው ለማንም አልተነፈሰችም። ጠጡ። ነፍስ ይማር አሉ። ስሙ በአገሩ ሰው አፍ ተጠራ። ጋኑ ወደ ማታ ባዶ ሲሆን ይታይሽ ጓዳ አስገብታው ታቹን በመዳፏ ዳሰሰችው። ቀጭን፣ እርጥብ ነገር አለ። እንዲደርቅ ተወችው።

ማክሰኞ፣ ጥር 28። ደብረ ማርቆስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

በማለዳ ዘንቢሌን ይዤ ስወጣ ይታይሽ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ለብሳ፣ ተዘጋጅታ። ትከሻዋ ላይ ያ ጋቢ አለ።

«እሄዳለሁ» አለች።

ቀኑን ሙሉ ተጓዝን፦ አይሱዙ፣ ቡሬ፣ ሚኒባስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ አውቶቡስ። አውቶቡስ ስትሳፈር ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። ጂጋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ራሷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሬዲዮው ይዘፍናል። የታጨደው ማሳ፣ የነዶው ክምር፣ ያዘቀዘቀው ፀሐይ ያልፋል። ወደ ቤት አልወሰድኳትም፤ ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን።

መቃብሩ ሲሚንቶ ነው፤ ስሙ በነጭ ቀለም ተጽፏል። እሷ ማንበብ አትችልም። በጣቴ እየመራሁ፣ «ጥ፣ ሩ፣ ነህ» እያልኩ ፊደሉን አስነካኋት። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ በመቃብሩ አጠገብ መሬቱ ላይ ዘረጋችውና ተቀመጠችበት። አላለቀሰችም። ሲሚንቶውን በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ።

«ጥሩነህ» አለች። «ይቅር በለን። ሳሙና ልናጠጣህ ነበር።»

ከዚያ ጠጋ አለችና ከጋቢው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።